ኤድ ሮበርትስ፦ ከብረት ሳንባ ወደ ገዛ ቤት

ኤድ ሮበርትስ (እ.ኤ.አ. 1939–1995) ከአንገቱ በታች ሰውነቱ የማይታዘዝለት፣ ሌሊቱን በመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ አሜሪካዊ ነበር። በእሱ ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቀሪ ዕድሜውን በሆስፒታል ወይም በመንከባከቢያ ተቋም ይጨርሳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ኤድ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ በገዛ ቤቱም ኖረ። ይህ የሆነው ሕመሙ ስለተሻለው አይደለም፤ ሽባነቱ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ነበር። የተለወጠው እርዳታ የሚያገኝበት መንገድ ነው።

የሕይወት ታሪኩን እዚህ ያቀረብነው ወላጃቸውን፣ የትዳር ጓደኛቸውን ወይም ልጃቸውን ነርሲንግ ሆም ለማስገባት እያሰቡ ላሉ፣ ወይም ከዚያ ወደ ቤት ለመመለስ ለሚፈልጉ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱና ሕመሙ

ኤድዋርድ ቨርን ሮበርትስ ጃንዋሪ 23 ቀን 1939 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሳን ማቴዎ ከተማ ተወለደ። ስፖርት የሚወድ፣ ሮጦ የማይጠግብ ልጅ ነበር። በ1953፣ በ14 ዓመቱ፣ ፖሊዮ ያዘው።

ፖሊዮ በአማርኛ የልጅነት ልምሻ የሚባለው በሽታ ነው። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በአብዛኛው በበሽተኛው ዓይነ ምድር በተበከለ ውኃ፣ ምግብ ወይም እጅ አማካኝነት በአፍ በኩል ይገባል። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ ሽባ የሚሆኑት ከ200 አንድ ያህሉ ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ላይ ቫይረሱ ጡንቻን የሚያዝዙትን የአከርካሪ ነርቮች ይገድላል። የመዳሰስ ስሜት ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በፖሊዮ ሽባ የሆነ ሰው ሕመሙ፣ ሙቀቱና ብርዱ ይሰማዋል፤ መንቀሳቀስ ብቻ ያቅተዋል። የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ከተጎዱ ደግሞ ያለ መሣሪያ እርዳታ አየር መሳብ አይችልም። ኤድ የገጠመው ይኸው ነው።

ኤድ በታመመበት ዘመን አሜሪካ ከባድ ወረርሽኝ ላይ ነበረች። በ1952 ብቻ ወደ 58,000 የሚጠጉ ሰዎች በፖሊዮ ተይዘው ነበር። የዶክተር ጆናስ ሶልክ ክትባት ውጤታማ መሆኑ የተነገረው በ1955 ነው፤ ለኤድ ሁለት ዓመት ዘግይቷል።

ኤድ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በሆስፒታሎች ቆየ። ሲወጣ በአንድ እጁ ሁለት ጣቶችና በጥቂት የእግር ጣቶቹ ከሚያደርገው እንቅስቃሴ በቀር ከአንገቱ በታች የሚታዘዝለት ነገር አልነበረም።

የብረት ሳንባ ምንድን ነው?

የብረት ሳንባ ሰውን እስከ አንገቱ ድረስ የሚውጥ ትልቅ የብረት በርሜል ነው። የበሽተኛው ጭንቅላት ከውጭ ይቀራል፤ አንገቱ ላይ አየር የማያስገባ የጎማ ማሰሪያ አለ። ሞተሩ ከበርሜሉ ውስጥ አየር ሲስብ የበሽተኛው ደረት ይሰፋና በአፍንጫውና በአፉ አየር ይገባል። ግፊቱ ሲመለስ ደረቱ ይወርድና አየሩ ይወጣል። የኤድ መሣሪያ ወደ 360 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። መብራት ቢጠፋ በእጅ እየገፉ ማንቀሳቀስ ይቻላል፤ ግን አጠገቡ ሰው መኖር አለበት።

ኤድ ከጊዜ በኋላ ከመሣሪያው ውጭ ለሰዓታት የሚቆይበትን ዘዴ ተማረ። አየሩን በምላሱና በጉሮሮው ጡንቻዎች እየጎነጨ ወደ ሳንባው መግፋት ነው፤ እንቁራሪት አየር ስትውጥ ስለሚመስል የእንቁራሪት አተነፋፈስ ይባላል። ዘዴው ንቁ ሆኖ መቆየትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሲተኛ ወደ ብረት ሳንባው ይመለስ ነበር።

ለመኖር መወሰን

በሕመሙ መጀመሪያ ቀናት አንድ ሐኪም ለእናቱ ለዞና ልጇ ቢሞት እንደሚሻለው ነገራት፤ ቢተርፍ ዕድሜውን ሙሉ እንደ አትክልት ሆኖ ይኖራል ማለቱ ነበር። ኤድ ካደገ በኋላ ይህን እያነሳ ይቀልድ ነበር፤ አትክልት መሆኑ ካልቀረ አርቲቾክን እመርጣለሁ ይል ነበር፤ አርቲቾክ ውጭው እሾሃም፣ ውስጡ ግን ለስላሳ የሆነ አትክልት ነው። ያኔ በ14 ዓመቱ ግን ቀልድ አልነበረም። እሱ ራሱም የተነገረውን አምኖ፣ ሕይወቱ ያበቃ መስሎት መብላት አቆመ። ሰውነቱ እጅግ ከሳ፣ በግድ ይመግቡት ጀመር። በኋላ እንደተናገረው፣ ሌት ተቀን ትጠብቀው የነበረችው ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ፣ ብበላም ባልበላም ውሳኔው የእኔ ነው ብሎ አሰበና በፈቃዱ መብላት ጀመረ።

ይህ ነገር ለቤተሰቦች ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከባድ ጉዳት በደረሰበት ሰው ላይ ተስፋ መቁረጥና የመብላት ፍላጎት ማጣት የተለመደ ነው፤ ሊታከምም ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ሐዘን ሰውዬው ወደፊት ምን ዓይነት ሕይወት ሊኖር እንደሚችል አይናገርም።

እናቱና ትምህርት ቤቱ

ኤድ ወደ ቤት የገባው ከነመሣሪያው ነው። ዞና የምትመግበው፣ የምታጥበው፣ የምታገላብጠው፣ ሌሊትም ጆሮዋን ወደ ሞተሩ ጥላ የምታድር እናት ሆነች። ትምህርቱን ቤቱንና ክፍሉን በሚያገናኝ የስልክ መስመር ይከታተል ጀመር። ኤድ ሰው እንዲያየው ስላልፈለገ ይህ ተስማምቶት ነበር። ዞና ግን በሳምንት አንድ ቀን ለጥቂት ሰዓታትም ቢሆን በአካል ትምህርት ቤት መሄድ አለበት አለች። ልጁ ፈራ፤ እሷ አልለቀቀችውም።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቹ ሁሉ ዐይናቸውን ጣሉበት። ኤድ በኋላ እንደሚያስታውሰው፣ መታየት እንደማያቆስል የገባው ያኔ ነው። ሰዎች የሚያዩት እንደ ታዋቂ ሰው አድርጎ ቢያስብ ምን ይጎድለዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ዐይን መሸሽ ተወ።

መመረቂያው ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ዲፕሎማ አልሰጥም አለ። ምክንያቱ የመኪና መንዳትና የስፖርት ትምህርቶችን አላሟላም የሚል ነበር። ከአንገቱ በታች ሽባ ለሆነ ልጅ! ዞና ነገሩን ወደ በላይ ኃላፊዎች ወስዳ ተከራከረች፤ ዲፕሎማውም ተሰጠው። ኤድ የመብት ክርክርን የተማረው ከእናቱ እንደሆነ ሁልጊዜ ይናገር ነበር።

በርክሌይ፦ ሆስፒታል ውስጥ ያለ ማደሪያ

ኤድ በሳን ማቴዎ ኮሌጅ ሲማር አማካሪው የነበረችው ጂን ዊርዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እንዲያመለክት አበረታታችው። ሁለት እንቅፋቶች ገጠሙት።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። አካል ጉዳተኞችን ለሥራ የሚያበቃው የካሊፎርኒያ ተሐድሶ መምሪያ ለትምህርቱ መክፈል ነበረበት። መምሪያው ግን ጉዳቱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ሥራ ሊይዝ አይችልም ብሎ ከለከለው። ነገሩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ውሳኔው ተለወጠ።

ሁለተኛው መኝታ ነው። የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ቤቶች ያን የሚያህል የብረት ሳንባ አይችሉም። አንድ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊም ከዚህ በፊት አካል ጉዳተኞችን ሞክረን አልተሳካልንም የሚል ምላሽ ሰጠ። መፍትሔው የተገኘው ከዩኒቨርሲቲው ጤና አገልግሎት ኃላፊ ከዶክተር ሄንሪ ብሩይን ነው። እሳቸው የግቢው ሆስፒታል በሆነው በካውል ውስጥ ባዶ ክፍሎች እንዳሉ ተናገሩ። ኤድ ተስማማ፤ ግን ክፍሉ እንደ ተማሪ ማደሪያ እንጂ እንደ በሽተኛ ክፍል እንዳይቆጠር ጠየቀ።

ልዩነቱ ለኤድ ትልቅ ነበር። በሽተኛ ሲሆኑ የመኝታና የመመገቢያ ሰዓትን፣ ጎብኚ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ተቋሙ ነው። ተማሪ ሲሆኑ ግን ማምሸትም፣ ጓደኛ መጋበዝም፣ ፈተና መውደቅም የራስ ጉዳይ ነው። ኤድ በ1962 ገብቶ በፖለቲካ ሳይንስ በ1964 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1966 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ።

ረዳቱን የሚመራው ማን ነው?

በካውል የተጀመረው ነገር ቀላል ይመስላል። ኤድ ከመንግሥት በሚያገኘው ድጎማ ራሱ ረዳቶችን ይቀጥር ነበር። ወንድሙ ሮን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማር ስለነበር ያግዘው ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈልጉ ተማሪዎች ነበሩ። ከአልጋ የሚያነሱት፣ የሚያለብሱት፣ የሚመግቡት፣ ወደ ክፍል የሚወስዱትና ማታ ወደ ብረት ሳንባው የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ረዳቶቹ የሆስፒታሉ ሠራተኞች አልነበሩም። የመረጣቸው፣ ሥራውን ያስተማራቸው፣ ሰዓታቸውን የደለደለው፣ ካልተስማሙም ያሰናበታቸው ኤድ ነው። በገዛ እጁ ሸሚዙን መቆለፍ አይችልም፤ የትኛው ሸሚዝ በስንት ሰዓት እንደሚለበስ ግን የሚወስነው እሱ ነው። ራስን ችሎ መኖር ማለት ሁሉን በራስ እጅ መሥራት እንዳልሆነ፣ በራስ ሕይወት ላይ መወሰን እንደሆነ ያስተማረው ይህ ኑሮ ነው። ኋላ ላይ በየሄደበት የሚሰብከውም ይህንኑ ነበር።

ዞናም በዚሁ ተጠቀመች። ለዓመታት የልጇ ብቸኛ ተንከባካቢ የነበረች እናት እንደገና እናት ብቻ ለመሆን ቻለች። ከጊዜ በኋላ እሷም በርክሌይ ገብታ ተማረች።

የኤድ ወሬ ሲሰማ ሌሎች መጡ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በ1963 የገባው ጆን ሄስለር ነው፤ በአደጋ ሽባ የሆነ፣ ከዚያ በፊት በካውንቲ ሆስፒታል ይኖር የነበረ ወጣት ነው። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ በካውል የሚኖሩት ደርዘን ያህል ሆኑ። ራሳቸውን ሮሊንግ ኳድስ ብለው ሰየሙ። ስቴቱ የመደባት አንዲት አማካሪ ከመካከላቸው ሁለቱ ውጤታቸው አልሠመረም ብላ ከቦታው እንዲወጡ ስትወስን፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቃወሙ። ለእነዚያ ሁለት ተማሪዎች ከካውል መውጣት የዲግሪ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ወደ ተቋም መመለስ ሊሆን ይችል ነበር። ተማሪዎቹ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፤ አማካሪዋ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረች፤ ልጆቹ ቀሩ።

በዚያው ዘመን ኤድ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወንበር መንዳት ለመደ። ቀድሞ አትችልም ተብሎ ነበር። የሚታዘዙለት ሁለት ጣቶች መግፋት ስለማይችሉ፣ መሪው ተገልብጦ ሲገጠም መሳብ ብቻ በቃቸው። ኤድ እንደሚናገረው ለዚህ ያነሳሳው ፍቅር ነው፤ ወንበሩን የሚገፋ ረዳት ሳይኖር ከወደዳት ልጅ ጋር ብቻውን መሆን ፈልጎ ነበር።

ከግቢው ወደ ከተማው

ተማሪዎቹ በ1970 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሆን አገልግሎት አቋቋሙ። ወንበር ሲሰበር የሚጠግን ባለሙያ፣ ለመቀጠር ዝግጁ የሆኑ ረዳቶች ዝርዝር፣ ደረጃ የሌላቸው ኪራይ ቤቶች፣ የድጎማ ፎርም አሞላል፦ ሁሉም በአንድ ቦታ ይገኝ ነበር። ወዲያው ተማሪ ያልሆኑ የከተማው ሰዎችም እየደወሉ እርዳታ ይጠይቁ ጀመር።

ስለዚህ በ1972 በርክሌይ ውስጥ በአንድ አፓርታማ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ተከፈተ። ኤድ ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ ሆነ። ማዕከሉ አልጋ አልነበረውም፤ ማንንም አያሳድርም። ሥራው አካል ጉዳተኞች በየራሳቸው ቤት እንዲኖሩ የጎደለውን መሙላት ነበር። የሚመሩትና ምክር የሚሰጡትም አብዛኞቹ ራሳቸው አካል ጉዳተኞች ናቸው። ከተቋም የወጣ ሰው፣ ለመውጣት የሚፈራውን ሰው ከማንም በላይ ሊያበረታታው ይችላል የሚል እምነት ነበራቸው።

ኤድና ጓደኞቹ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ሰውን ተቋም ውስጥ እንደሚያስቀሩት አውቀው ነበር። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ከፍ ያለ ከሆነ ወንበሩ አይሻገርም፤ ባይሻገር ሱቅ አይደረስም፤ ሱቅ ካልተደረሰ ብቻ መኖር አይቻልም። በርክሌይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመንገድ ጠርዞችን ለተሽከርካሪ ወንበር እያስተካከሉ ከመጡ ከተሞች አንዷ ሆነች። ዛሬ በዚያ መወጣጫ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችም፣ በምርኩዝ የሚሄዱ አረጋውያንም ይጠቀማሉ።

እምቢ ያለውን መሥሪያ ቤት መምራት

በ1975 የካሊፎርኒያ ገዥ ጄሪ ብራውን ኤድን የስቴቱ የተሐድሶ መምሪያ ዳይሬክተር አድርገው ሾሙት። ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሥራ ሊይዝ አይችልም ብሎ የፈረደበት መሥሪያ ቤት ነው። ኤድ እስከ 1983 በዚህ ኃላፊነት ቆይቶ በካሊፎርኒያ እንደ በርክሌይ ያሉ ማዕከላት እንዲስፋፉ አደረገ። በ1978 የፌዴራል መንግሥት ለእነዚህ ማዕከላት በጀት የሚመድብ ሕግ ሲያወጣ የበርክሌዩ ለመላው አገሪቱ አርአያ ሆነ።

በ1977 ከ100 የሚበልጡ አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የፌዴራል ጤና መሥሪያ ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀመጡ። የጠየቁት የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገልሉ የሚከለክለው አንቀጽ 504 ሥራ ላይ እንዲውል ነበር። ኤድ የስቴት ባለሥልጣን ሆኖ ሳለ ከእነሱ ጎን ቆሞ ተናገረ። ደንቡ ኤፕሪል 28 ቀን 1977 ተፈረመ።

በግል ሕይወቱ ኤድ በ1976 አገባ፤ በ1978 ወንድ ልጅ ተወለደለት። ትዳሩ በ1982 በፍቺ ቢያበቃም ከልጁ ጋር የነበረው ፍቅር አልተቋረጠም።

የመጨረሻ ዓመታቱ

በ1983 ኤድ ከጁዲ ሂውማንና ከጆአን ሊዮን ጋር የዓለም የአካል ጉዳት ተቋምን መሠረተ። ከዋና ሥራዎቹ አንዱ በአሜሪካ የቤት ለቤት ረዳት አገልግሎት ለማን፣ በምን ያህል እንደሚሰጥ ማጥናትና እንዲስፋፋ መከራከር ነበር። በ1984 የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው። አነስተኛ የመተንፈሻ መሣሪያ በወንበሩ ላይ ጭኖ፣ አየሩን በአፉ በያዘው ቱቦ እየሳበ በብዙ አገሮች ተዘዋወረ። ሌሊት ላይ ግን የብረት ሳንባው አልቀረም።

ኤድ ሮበርትስ ማርች 14 ቀን 1995 በ56 ዓመቱ በልብ መቆም ምክንያት አረፈ። ሐኪሙ ሞቱን ከመረጠለት ቀን በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል። ተሽከርካሪ ወንበሩ ዛሬ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ከእሱ በኋላ

ኤድ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦልምስቴድ በሚባለው መዝገብ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ባለሙያዎች በማኅበረሰቡ ውስጥ ሊኖር ይችላል ያሉትን፣ ራሱም የማይቃወመውን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ተቋም ውስጥ ማቆየት አድልዎ ነው፤ ስቴቶች አቅማቸው በፈቀደ መጠን አገልግሎቱን በማኅበረሰቡ ውስጥ ማቅረብ አለባቸው የሚል ነው። በመላው አሜሪካም ዛሬ ራስን ችሎ የመኖር ማዕከላት በመቶዎች ይቆጠራሉ፤ ሰዎች ከነርሲንግ ሆም እንዲወጡ ማገዝም ከተመደቡላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብትን አስፍሯል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2010 አጽድቃለች።

ለታካሚዎችና ለቤተሰቦች

የኤድ ታሪክ ነርሲንግ ሆም ሁሉ መጥፎ ነው፣ ወይም ሁሉም ሰው ቤት መኖር አለበት አይልም። ተቋም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ መርጦ የሚገባም አለ። ታሪኩ የሚያሳየው የጉዳቱ ክብደት ብቻውን ውሳኔውን እንደማይሰጥ ነው። ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ያስቡ።

1. ታካሚውን ራሱን ይጠይቁ። በእኛ ባህል ለታማሚው ሳይነገር ቤተሰብ ተሰብስቦ መወሰን የተለመደ ነው። ነገር ግን የሚኖረው እሱ ነው። መናገር የሚያዳግተው ከሆነ በዐይን፣ በእጅ ወይም በሥዕል መልስ ሊሰጥ ይችል እንደሆነ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያማክሩ።

2. አይችልም የሚለውን ቃል ይመርምሩ። ምን እንደማይችል፣ በቀን በስንት ሰዓት እርዳታ እንደሚያስፈልገው በዝርዝር ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ሲጻፍ፣ ሌት ተቀን ያስፈልጋል የተባለው እርዳታ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ሆኖ ይገኛል። እውነትም ሌት ተቀን ከሆነ ደግሞ ያንኑ ማወቁ ይጠቅማል።

3. ሸክሙን በአንድ ሰው ላይ አይጣሉ። ቤት ውስጥ መንከባከብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት፣ ሚስት ወይም ልጅ ብቻዋን ስትደክም ነው። ዞናን ያሳረፋት ደመወዝ የሚከፈለው ረዳት ነው። በአሜሪካ ብዙ ስቴቶች በሜዲኬይድ በኩል ለቤት ረዳት ይከፍላሉ፤ በአንዳንዶቹም የቤተሰብ አባል ተቀጥሮ ሊከፈለው ይችላል። በካሊፎርኒያ ኢን-ሆም ሰፖርቲቭ ሰርቪስስ የሚባለው ፕሮግራም ተረጂው ረዳቱን ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ሜዲኬር ግን ለረጅም ጊዜ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ እንደማይከፍል ይወቁ።

4. ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የቤት ለቤት አገልግሎት በብዙ ስቴቶች የተመዝጋቢዎች ወረፋ አለው። ስለዚህ ሁኔታው ሳይባባስ በጊዜ ያመልክቱ።

5. ነርሲንግ ሆም የገባ ሰው መውጣት ይችላል። በአሜሪካ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የሚቀበሉ ነርሲንግ ሆሞች በየጊዜው በሚያደርጉት ምዘና ነዋሪው ወደ ማኅበረሰቡ ስለ መመለስ ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁታል። መልሱ አዎ ከሆነ ይህን በግልጽ ይናገሩ። በየስቴቱ ያለው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ እንባ ጠባቂም ያለ ክፍያ ያግዛል።

6. አስተርጓሚ ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች የቋንቋ እርዳታ ያለ ክፍያ መስጠት አለባቸው። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ለልጁም ለታካሚውም ይከብዳል።

7. ቤቱን ያዘጋጁ። ደረጃ፣ ጠባብ በር፣ መያዣ የሌለው መታጠቢያ፣ የሚያንሸራትት ምንጣፍ አንድ በአንድ ይታዩ። የሥራ ሕክምና ባለሙያ ቤት ድረስ መጥታ እንድትመለከት ሐኪምዎ ሊያዝዝ ይችላል።

8. ለአደጋ ጊዜ ይዘጋጁ። በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ካለ መጠባበቂያ ባትሪና በእጅ የሚጨመቅ የመተንፈሻ ፊኛ ከአልጋው አጠገብ ይኑር፤ የሚረዱት ሰዎች ሁሉ አጠቃቀሙን ይወቁ። ለመብራት ኃይል ድርጅቱም ቤቱ ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እንዳለ ያሳውቁ።

መቼ ነው ውሳኔውን እንደገና ማየት ያለብዎት?

ታካሚው ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ፣ ጀርባው ወይም ዳሌው ላይ ቁስል ከወጣ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ ሌሊት ከቤት ወጥቶ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ተንከባካቢው ራሱ እየታመመ ከሆነ ያለው እርዳታ አልበቃም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪምዎንና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋን ያነጋግሩ። ምናልባት የረዳት ሰዓት መጨመር ይበቃ ይሆናል፤ ምናልባት ለተወሰነ ጊዜ ወደ ተቋም መግባት የግድ ይሆናል። ለጥቂት ሳምንታት ተብሎ የተገባበት ተቋም የዘላለም ቤት ሆኖ እንዳይቀር ግን የመመለሻውን ዕቅድ ከመግባትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በጽሑፍም ይያዙ።